የሚያፈሰው ቼይንፕሌት፦ ከማሸግህ በፊት ብረቱን አውጣው

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አናፖሊስ አካባቢ በ1978 የተሠራች 30 ጫማ የፋይበርግላስ ባለሸራ ጀልባ ገዛሁ። ዝናብ ሲጥል በግራ በኩል ቼይንፕሌቱ ደኩን (የጀልባዋን የላይ ወለል) አልፎ ከሚገባበት ቦታ ውሃ ወደ ውስጥ ይንጠባጠባል። ሁለት ጊዜ ሲሊኮን ቀባሁት። ወር ሳይሞላው ተመለሰ። ጓደኛዬ ‹5200 የሚባለውን ማጣበቂያ ግጥም አድርገህ ቀባው፣ ከዚያ በኋላ ወይ ፍንክች› ይለኛል። ብረቱ ላይ ቡናማ ነገር አለ፤ ግን ስቴንለስ አይዝግም አይደል? ደግሞስ ምሰሶውን ሳላወርድ ልሠራው እችላለሁ?»

5200ውን አትቀባ። ሲሊኮኑንም አትድገም። አንተን ያስጨነቀህ ትራስህን የሚያርሰው ጠብታ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ውሃው እየታከከው የሚወርደው ብረት ነው። ምሰሶህን ያቆመው እሱ ነውና።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ትንሽ ላስረዳ። ቼይንፕሌት ጠፍጣፋ፣ ረዘም ያለ የብረት ቁራጭ ነው። ምሰሶውን ከግራና ከቀኝ ወጥረው የያዙት ሽቦዎች ታች የሚታሰሩት እሱ ላይ ነው። በዚያ ዘመን በተሠሩ ብዙ ጀልባዎች ደኩን ሰንጥቆ ወደ ውስጥ ይወርድና ከኮምፔንሳቶ ግድግዳ ጋር በብሎን ይታሰራል። ከላይ የሚታየው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሌላው ተደብቋል። በእንዲህ ዓይነት ጀልባ ላይ የተለመደው ሩብ ኢንች ሽቦ 316 ከሚባለው የስቴንለስ ዓይነት ከተሠራ የሚበጠሰው 3 ቶን ገደማ ሲጎተት ነው። ቼይንፕሌቱ ከሽቦው በላይ መቻል አለበት። እሱ ከሄደ ምሰሶው ይወድቃል። የሚሄደው ደግሞ ወደብ ላይ ታስሮ ሳለ አይደለም። ነፋስ ሲበረታና ጀልባዋ ስታዘነብል ነው።

አሁን ወደ ስቴንለሱ ልምጣ። «አይዝግም» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ስቴንለስን ከዝገት የሚጠብቀው ውስጡ ያለው ክሮሚየም ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ የሚፈጥረው፣ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ቢጫርም አየር እስካገኘ ድረስ ራሱን ይጠግናል። አየር ካጣ ግን አይጠግንም። ደኩ ውስጥ ያለችውን ጠባብ ክፍተት አስባት። እርጥብ ናት። የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ውሃ እንደ ውቅያኖስ ባይሆንም ጨው አለው፣ እሱም ይገባባታል። አየር አይደርሳትም። ስቴንለስ በጣም የሚጎዳው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ዝገቱ እንደ ተራ ብረት ፊቱን ሁሉ አይበላም። በትንሽ ነጥብ ገብቶ ወደ ውስጥ ይቆፍራል፣ ከዚያም ስንጥቅ ይሆናል። ያየኸው ቡናማ እድፍ ላይ ላዩን ብቻ ሊሆን ይችላል። ውስጥ ያለው ነገር የላከው ምልክትም ሊሆን ይችላል። ከውጭ ቆሞ መለየት አይቻልም።

አንድ ጊዜ በእጄ የገጠመኝን ልንገርህ። ከላይ ሲያዩት መስታወት የሚመስል ቼይንፕሌት ከአንድ አሮጌ ጀልባ ፈታሁ። ሞርሳ ላይ አስሬ በመዶሻ ትንሽ መታ ሳደርገው ለሁለት ተሰበረ። የተሰበረው ፊት ከአራት ሦስት እጁ ጥቁር ነበር። ማለትም ስንጥቁ ከብዙ ጊዜ በፊት የገባ ነው። አዲስ ተሰብሮ የሚያበራው ብረት ዳር ላይ ያለች ቀጭን መስመር ብቻ ነበረች። የባለቤቱ ቤተሰብ ከሳምንት በፊት በዚያች ጀልባ ሲዝናና ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የአሮጌ ጀልባ ቼይንፕሌት ሳይወጣ «ደህና ነው» ብዬ አላውቅም።

ሲሊኮንህ ለምን እንዳልያዘ ደግሞ እይ። ሽቦው በተወጠረና በላላ ቁጥር ቼይንፕሌቱ በጥቂቱ ይንቀሳቀሳል። ደኩ ግን አብሮት አይንቀሳቀስም። በሁለቱ መካከል ያለው ማሸጊያ ሁልጊዜ ይሳባል። ከላይ የተቀባ ስስ ነገር ያን ያህል መለጠጥ አይችልም፣ ከአንድ ጎን ይላቀቃል። ፀጉር የምታህል ክፍተት ለውሃ ትበቃዋለች። ከዚህ የከፋው ደግሞ ከላይ ስትደፍነው ገብቶ የቀረውን ውሃ ውስጥ መቆለፍህ ነው። ብረቱንም አየር ከልክለኸዋል። ሲሊኮን ሌላም ጣጣ አለው። ሲነሳ የማይታይ ቅባት ትቶ ይሄዳል። በዚያ ላይ ሌላ ማሸጊያም ቀለምም አይይዝም።

5200ን በተመለከተ ጓደኛህ ስለ ጥንካሬው አልተሳሳተም። የተሳሳተው ስለ ቦታው ነው። እሱ ኃይለኛ ማጣበቂያ ነው። ዕድሜ ልክ እንዳይላቀቅ ለምትፈልገው ነገር ይሆናል። ቼይንፕሌት ግን በየጊዜው ወጥቶ መታየት ያለበት ዕቃ ነው። በ5200 ከያዝከው ለማውጣት ስትታገል የደኩን የላይ ቅብ ይዞ ይነሳል። ያን ስለምታውቅ ደግሞ ማውጣቱን ከዓመት ዓመት ታስተላልፈዋለህ። አደጋው እዚህ ላይ ነው።

ምንም ከመፍታትህ በፊት ግን ውሃው በእርግጥ ከዚያ መግባቱን አረጋግጥ። ውሃ ደክ ውስጥ ተጉዞ ከገባበት ርቆ ሊወጣ ይችላል። አንድ ሰው ውስጥ ደረቅ ሶፍት ይዞ ይቀመጥ። አንተ ከላይ ጎማውን በቀስታ ክፈት። ከዝቅተኛው ቦታ ጀምረህ ወደ ላይ ውጣ፣ እያንዳንዱ ቦታ ላይ ጥቂት ደቂቃ ቆይ። ከላይ ከጀመርክ ውሃው ሁሉንም ያርሰዋልና ምንም አትለይም። የመስኮቶቹን ጠርዝ፣ የደኩን የእጅ መደገፊያ እግሮችና ምሰሶው የሚቆምበትን ቦታም በዚያው ፈትሽ።

ምሰሶውን ሳታወርድ መሥራት ይቻላል? ይቻላል፣ አንድ በአንድ ከሆነ። ነፋስ በሌለበት ቀን፣ ጀልባዋ በደንብ ታስራ፣ ሸራ መስቀያውን ገመድ ከጎን ወዳለ ጠንካራ ቦታ ወጥረህ ለምሰሶው ምትክ ድጋፍ ትሰጠዋለህ። ከዚያ የዚያን ወገን ሽቦ አላልተህ አንዱን ቼይንፕሌት ብቻ ትፈታለህ። እሱ ተመልሶ ሳይታሰር ሌላውን አትነካም። ማንም ሰው ምሰሶው ላይ አይወጣም። ብዙ ሰው እንዲህ ይሠራል። ለአንተ ግን አልመክርህም። ምክንያቱም ካወጣኸው በኋላ ግድግዳው በስብሶ ብታገኘው መልሰህ የምታስረው በምን ላይ ነው? አዲሱ ብረት እስኪሠራ ሳምንታት ቢፈጅስ? ያን ሁሉ ጊዜ ምሰሶህን በገመድ አንጠልጥለህ መተኛት አትችልም።

እናንተ ጋ ብዙ ጀልባ ለክረምት ከውሃ ይወጣል። በዚያው ጊዜ ምሰሶውን በክሬን አስወርደው። ከዚያ ሁሉንም ቼይንፕሌቶች፣ የግራውንም የቀኙንም የኋላውንም፣ በአንድ ላይ ታወጣለህ። ግራው አፈሰሰ ማለት ቀኙ ደህና ነው ማለት አይደለም። ሁሉም የአንድ ዕድሜ ናቸው። ሽቦዎቹንም መሬት ላይ ዘርግተህ ታያቸዋለህ። በእርግጥ የክሬኑ ሂሳብ አለ። ቢሆንም ምሰሶ ወድቆ ከሚያስከትለው ወጪ ጋር አይወዳደርም። ምሰሶው ሲወርድና ሲቆም የኤሌክትሪክ ሽቦ ከላይ አለመኖሩን በዓይንህ እይ። ሰው የሞተበት ነገር ነው።

ስትፈታ ፎቶ አንሳ። እያንዳንዱ ላይ «ግራ፣ ፊት» እያልክ ጽፈህ ለጥፍ። የሽቦ ማጥበቂያዎቹ ስንት ዙር እንደገቡ ቁጠር። ብሎኖቹ ካስቸገሩህ ዳዶውን እንጂ ብሎኑን አታዙር፣ እንጨቱን ያሰፋብሃል። የወጣውን ብረት አጥበህ በብርጭቆ ወረቀት ካጸዳህ በኋላ በአጉሊ መነጽር ተመልከተው። በተለይ ሁለት ቦታ እይ። አንደኛው ደኩን የሚያልፍበት መስመር ነው። ሌላው የብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ነው። ቀይ ፈሳሽ ተቀብቶ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተጠርጎ፣ በላዩ ነጭ ዱቄት የሚነፋበት የስንጥቅ መፈተሻ ይሸጣል። ስንጥቅ ካለ ቀዩ በነጩ ላይ መስመር ሆኖ ይወጣል። ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ግን ወሰን አለው። የሚያሳየው ፊቱ ላይ የተከፈተውን ስንጥቅ ብቻ ነው። «ምንም አልወጣም» ማለት «አዲስ ነው» ማለት አይደለም።

ስለዚህ ያንተን በተመለከተ ቁርጥ ያለ አስተያየቴ ይህ ነው። ብረቶቹ ከጀልባዋ ጋር የመጡት ከሆኑ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ፈተናውን ቢያልፉም ቀይራቸው። ፈተናውን አሮጌውን ብረት መልሰህ ለመጠቀም ሳይሆን የጀልባዋን ያለፈ ታሪክ ለማወቅ ተጠቀምበት። የተሰነጠቀውን በብየዳ ለማዳን አትሞክር። ብየዳው አጠገቡ ያለውን ብረት ያዳክመዋል፣ የተደበቀውንም ስንጥቅ አያድነውም።

አሮጌዎቹን ለጥሩ የብረት ሠራተኛ ውሰድና ከ316 ስቴንለስ አሠራ። 316 ውስጥ ሞሊብዲነም ስላለ ጨውን በመቋቋም 304 ከሚባለው ስቴንለስ ይሻላል። ፊቱ በደንብ ተወልውሎ ይምጣ። ሻካራ ፊት ውሃና ጨው ይይዛል። ውፍረቱ ከአሮጌው ያላነሰ ይሁን። «ትንሽ ላወፍረው» ካልክ ግን የሽቦው ማጥበቂያ መንጋጋ መቀበሉን አስቀድመህ ለካ። ብሎኖቹ፣ ዳዶዎቹና ሮንዴላዎቹም አዲስ ይሁኑ። አሮጌ ብሎን በአዲስ ብረት ላይ አታስገባ። አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ቼይንፕሌቱ ከሽቦው ጋር አንድ መስመር ላይ መሆን አለበት። ሽቦው በአንድ በኩል ብረቱ በሌላ በኩል ካዘነበሉ በእያንዳንዱ ማዕበል ብረቱ ይታጠፋል፣ ይቃናል። ሽቦ እጅህ ላይ እያጠፍክ እያቃናህ እንደምትበጥሰው መሆኑ ነው። ቼይንፕሌቱን ከውጭ የጀልባዋ ጎን ላይ ማዞር የሚመርጡም አሉ። ደኩ ላይ ቀዳዳ አይኖርም፣ ብረቱም አየር ያገኛል። ግን የሽቦው ማዕዘን ይቀየራል፣ የፊት ሸራው አወጣጠርም ይቀየራል። ያለ መሐንዲስ አትሞክረው።

ብረቱ ሠራተኛው ጋ ሳለ አንተ ወደ ደኩና ወደ ግድግዳው ተመለስ። ግድግዳውን ብሎኖቹ በነበሩበት ቦታ በወስፌ ወጋ ወጋ አድርገው። ደረቅና ጠንካራ ከሆነ ተገላገልክ። ከጠቆረ፣ ከለሰለሰ፣ ወይም ንብርብሩ ከተላቀቀ ሌላ ሥራ ነው። የበሰበሰውን ቆርጦ በባሕር ኮምፔንሳቶ ተክቶ በፋይበርግላስ ከጀልባዋ ገላ ጋር ማሰር ይጠይቃል። ይህን ለባለሙያ ስጠው። አዲስ ብረት በበሰበሰ እንጨት ላይ ማሰር ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

ደኩ ደግሞ ድፍን አይደለም። በሁለት ስስ ፋይበርግላሶች መሐል ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት ወይም ኮምፔንሳቶ አለበት። ውሃ እዚያ ከገባ ወጥቶ አያውቅም። ጣና ላይ የደንገል ታንኳ ውሃ ሲጠጣ ወደ ዳር አውጥተው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። የታንኳው ጎን ሁሉ ክፍት ስለሆነ ይደርቃል። ያንተ ደክ ግን ከላይም ከታችም ታሽጓል። በበጋ እንጨቱ ይበሰብሳል። በክረምት ውሃው በረዶ ሆኖ ያብጥና ፋይበርግላሱን ከእንጨቱ ይለያያል። በካቻቪቴ እጀታ ዙሪያውን አንኳኳ። ጥርት ያለ ድምፅ ደህና ነው። እንደ ካርቶን የታፈነ ድምፅ የተላቀቀ ነው። ጥርጣሬ ካለህ ከውስጥ በኩል፣ የላይኛውን ሳትነካ፣ በትራፓኖ ትንሽ ቀዳዳ አውጣና ፍቅፋቂውን እይ። ነጣ ያለና ደረቅ ነው? ወይስ ጥቁርና እርጥብ?

ጉዳቱ ቀዳዳው አካባቢ ብቻ ከሆነ በራስህ እጅ ትሠራዋለህ። በሁለቱ ፋይበርግላሶች መሐል ያለውን እንጨት ደረቁ እስኪመጣ ዙሪያውን ፈልፍለህ አውጣ። ደህና ቢሆን እንኳ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር አውጣ። አድርቀው። ከስር በፕላስተር ዝጋና መጀመሪያ ቀጭን ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ሙጫ) ቀብተህ እንጨቱ ይጠጣው። ቀጥሎ በሲሊካ ዱቄት እንደ ወፍራም ገንፎ የተቦካ ኢፖክሲ ሙላበት። ክፍተቱ ትልቅ ከሆነ በአንድ ጊዜ አትሙላው፣ ኢፖክሲ ሲጠነክር ይግላል። በሁለት ሦስት ዙር ሥራው። ከደረቀ በኋላ የብረቱን መግቢያ እንደገና ክፈት። አሁን ማሸጊያህ አንድ ቀን ቢያፈስ እንኳ ውሃው እንጨት አያገኝም። ከሥራው ሁሉ እኔ ትልቅ ቦታ የምሰጠው ለዚህ ነው። ማሸጊያ ያልፍበታል፣ ይህ ግን ይኖራል። ጓንት አድርግ፣ ስትፈገፍግም የአፍንጫ መከላከያ ልበስ። ኢፖክሲ ቆዳህን ደጋግሞ ከነካው አንድ ቀን አለርጂ ሆኖ ይቀራል። የታፈነው ድምፅ ከአንድ መዳፍ በላይ ከሰፋ ግን የላይኛውን ፋይበርግላስ ቆርጦ እንጨቱን መተካት ይመጣል። እሱን ብቻህን አትጀምረው።

ወደ ማሸጊያው መጣን። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው፣ እኔ ግን መጨረሻ ላይ የማየው እሱን ነው። እዚህ ቦታ ላይ የምመርጠው የጀልባ ቡቲል ቴፕ ነው። እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ፣ የማይጠነክር ነገር ነው። ብረቱ ሲንቀሳቀስ አብሮት ይሄዳል። ማውጣት ስትፈልግ ያለ ትግል ይለቅሃል። ድክመትም አለው። ነዳጅና ማሟሟቻ ያቀልጡታል። ለቤት ጣሪያ የሚሸጠውን ርካሹን ከገዛህ ደግሞ በበጋ ሙቀት ይፈሳል። ሁለተኛ ምርጫዬ ፖሊሰልፋይድ ነው። እሱም ይለጠጣል፣ ግን ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል፣ አንዳንድ ፕላስቲክም ይበላል። የብረቱን መግቢያ ከላይ የሚሸፍነው መክደኛህ ፕላስቲክ ከሆነ አትጠቀምበት።

አሠራሩ ላይ አንድ ዘዴ አለ። የመግቢያውን የላይ ጠርዝ ዙሪያውን አጋድመህ ሞርደው። በብረቱና በደኩ መካከል ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት ይኑር። ሰው ግጥም ያለ ቀዳዳ የተሻለ ይመስለዋል፤ ተቃራኒው ነው። የሚለጠጥ ነገር ለመለጠጥ ውፍረት ያስፈልገዋል። ሁሉንም በአልኮል አጽዳ። ቼይንፕሌቱን ከግድግዳው ጋር መጀመሪያ እሰርና ብሎኖቹን አጥብቅ። ከዚያ ቡቲሉን አድቦልቡለህ በብረቱ ዙሪያ ጠቅልል፣ ወደ ተሞረደው ጠርዝ ጠቅጥቀው። ከላይ መክደኛውን አድርግ። የመክደኛውን ብሎኖች በአንድ ቀን አታጥብቃቸው። ጥቂት አጥብቅ፣ ነገ ተመለስ፣ እንደገና ጥቂት አጥብቅ። ቡቲል ቀስ ብሎ ነው የሚሸሸው። የተረፈውን በፕላስቲክ መፋቂያ አንሳው።

ሽቦዎቹን አትርሳ። ዕድሜያቸውን የሚነግርህ ሰው ከሌለ አብረህ ቀይር። ብዙ ባለሙያ ከ10 እስከ 15 ዓመት ሲሆናቸው ይቀይራቸዋል። ከብዙዎቹ ቀጫጭን ክሮች አንዷ ብትበጠስ እንኳ ያ ሽቦ አበቃ። የታችኛውን ጫፍ በተለይ እይ፣ ውሃ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። የፒኖቹን ማቆሚያ ኮፒሊያዎችም ሁልጊዜ አዲስ አድርግ። የአንድ ብር ዕቃ ነው፣ እሷ ከወጣች ምሰሶው ተከትሏት ይመጣል።

ጊዜውን እንዲህ አድርገው። በመከር ምሰሶው ይውረድ፣ ብረቶቹም ወደ ሠራተኛው ይሂዱ። ኢፖክሲውን ለፀደይ ተወው። ተራው ኢፖክሲ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በደንብ አይደርቅም። በሚያዝያ ማሸጊያው ይግባ፣ ምሰሶው ይቁም፣ በጎማ ውሃ እንደገና ፈትነው። ከመጀመሪያው የሸራ ጉዞ በኋላ ሽቦዎቹ ይላላሉ፣ አጥብቃቸው። እስከዚያው ድረስ በዚያች ጀልባ ሸራ ዘርግተህ አትውጣ። ብትንቀሳቀስም በሞተር ይሁን።